አለት ለአለት ሽቅብ የሚወጣው ዓሣ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በደቡብ አሜሪካ ተራሮች የፏፏቴ አለት ላይ የሚወጣ ዓሣ እንዳለ ሰማሁ። እግር ሳይኖረው እንዴት ይወጣል? አለቱን በአፉ ከያዘስ በምን ይተነፍሳል?

መልስ፦ የሰሙት እውነት ነው። ዓሣው አስትሮብሌፐስ የሚባለው የአምባዛ ዘመድ ሲሆን፣ ዝርያዎቹ ከፓናማ እስከ ቦሊቪያ፣ በተለይም ከአንዲስ ተራሮች በሚወርዱ ፈጣን ጅረቶች ውስጥ ይኖራሉ።

የአፉ ከንፈሮች ሰፍተው አለት ላይ የሚጣበቅ ክብ መምጠጫ ሠርተዋል። የሆድ ክንፎቹ ደግሞ ጠንካራ ጡንቻዎች ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከሚያንቀሳቅሱት አጥንት ጋር የተያያዙ ስለሆኑ፣ ዓሣው በአፉ ተጣብቆ ክንፎቹን ወደ ፊት ይስባል፤ ቀጥሎም በክንፎቹ አለቱን ቆንጥጦ አፉን ይለቅና ሰውነቱን ወደ ላይ ይገፋል። እ.ኤ.አ. በ1912 በታተመ ጽሑፍ ጆንሰን የተባሉ ተመልካች፣ ኮሎምቢያ ውስጥ አንዱ ዝርያ ውኃ በቦረቦረው ጥልቅ የአለት ጉድጓድ ግድግዳ ላይ ከ5 ሜትር በላይ ሲወጣ ማየታቸውን ገልጸዋል። የአተነፋፈሱ ብልሃት ከመውጣቱም ይበልጥ ያስደንቃል፦ የስንጥቡ ቀዳዳ ለሁለት የተከፈለ በመሆኑ ውኃው በላይኛው ገብቶ በታችኛው ይወጣል፤ ስለዚህ አፉ ሥራ ላይ ቢሆንም ትንፋሹ አይቋረጥም።

ከዝርያዎቹ መካከል በኢኳዶር የኢምባቡራ ግዛት የሚገኘው፣ የአካባቢው ሰዎች ፕሬኛዲያ የሚሉት አስትሮብሌፐስ ኡቢዲያይ ልዩ ትኩረት ይገባዋል። በዚያ ደጋ ብቸኛው አገር በቀል ዓሣ እርሱ ነው። ታዋቂው ተጓዥ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት የኢኳዶር እሳተ ገሞራዎች የዚህን ወገን ዓሣ ከጭቃ ጋር ይተፋሉ የሚለውን ወሬ ሰምተው እ.ኤ.አ. በ1805 ጽፈውታል። ዓሣ በእሳተ ገሞራ ሆድ ውስጥ ሊኖር አይችልም፤ ነገር ግን ከተራራው የሚወርድ የጭቃ ጎርፍ ጅረቶቹን ጠራርጎ ሲያልፍ በውስጣቸው ያለውን ሁሉ ይዞ እንደሚወርድ መገመት አያዳግትም።

ዛሬ ፕሬኛዲያ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል፤ የቀረውም እርስ በርስ በተቆራረጡ ጥቂት ምንጮችና ጅረቶች ውስጥ ነው። ፏፏቴን የሚያሸንፍ ዓሣ፣ ጅረቱ በመስኖ ሲጠለፍ ወይም በፍሳሽ ሲበከል ግን የሚሸሽበት የለውም፤ መውጣት የሚችለው ውኃ በሚወርድበት እርጥብ አለት ላይ ብቻ ነውና። በእኔ አመለካከት እርሱን ለማትረፍ ከሁሉ አስቀድሞ የምንጮቹን ዳርቻ ከእርሻና ከግንባታ ነጻ ማድረግ፣ ከዚያም የተቆራረጡት ጅረቶች ዓመቱን ሙሉ እንዲገናኙ በቂ ውኃ መተው ያስፈልጋል።