ሳምንቱን ሙሉ ዝግጅት፣ ትምህርቱስ?

ጥያቄ፦ ልጄ በሴቶች ትምህርት ቤት 9ኛ ክፍል ናት። ሰሞኑን የክበባት ሳምንት ብለው ሰኞ ክርክር፣ ረቡዕ መረብ ኳስ፣ አርብ የሳይንስ ሥራ ማሳያ ነው። ደብተሯን ስትገልጥ አላየሁም። ዝም ልበል?

መልስ፦ ዝም አይበሉ፣ ግን መጀመሪያ ሄደው ይዩ። ልጅዎ ማይክ የያዘው እጇ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ተከራክራ ከወረደች እሱም ትምህርት ነው፤ ደግሞ ወንዶች በሌሉበት ግቢ ሰብሳቢዋም፣ ሚኒ ሚዲያውን የምትመራውም፣ የስፒከሩን ገመድ የምትቀጥለውም ሴት ናት። እቴጌ መነን በ1931 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የሴቶች ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ስንቱ ወላጅ ሴት ልጁን ከጓዳ አላስወጣም ይል እንደነበር አይርሱ። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። በብዙ ቦታ መድረክ ላይ የሚወጡት፣ ሰርተፍኬቱንም የሚወስዱት ያው ጎበዝ የሚባሉት ልጆች ናቸው፣ የቀሩት አጨብጭበው ይመለሳሉ። የእርስዎ ልጅ ከየትኞቹ ናት? አጨብጫቢ ብቻ ከሆነች ቅሬታዎ ልክ ነው። የክፍል ኃላፊዋንም ያነጋግሩ፤ የባከነው ክፍለ ጊዜ መቼ እንደሚካካስ ቁርጡን ይንገሩዎት። ለዝግጅት ብር አምጡ ካሉ ደግሞ ደረሰኝ ይጠይቁ።