ፊት ከመሣላችሁ በፊት

ውድ ወጣት ሠዓሊዎች፣

ከእናንተ አንዷ ሰሞኑን ጻፈችልኝ። እዚሁ ዋሽንግተን ስቴት ያደገች ልጅ ናት። ካሊስፔል የሚባለውን የአሜሪካ ነባር ሕዝብና ቅርሱን የሚያከብር ፖርትሬት ልትሥል አስባለች። «ጋሼ፣ ከየት ልጀምር?» አለችኝ። የመለስኩላትን ለሁላችሁም ላካፍል፤ ሰው የምትሥሉ ሁሉ ይመለከታችኋል።

መጀመሪያ ካርታ ክፈቱ። ካሊስፔል ሲባል ብዙ ሰው ሞንታና ያለችው ከተማ ነች የምትመጣለት። ከተማዋ ስማቸውን ይዛለች፤ የካሊስፔል ጎሳ ሪዘርቬሽን (ለጎሳው የተከለለው መሬት) ግን ያለው እዚሁ ስቴት ውስጥ ነው። ከስፖኬን በስተሰሜን፣ አስክ የምትባል ትንሽ መንደር አጠገብ፣ ፖንዶሬይ ወንዝ ዳር። በፕሬዚዳንት ዊልሰን ትእዛዝ የተከለለላቸው በ1914 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1855 በተፈረመ ውል ዘመዶቻቸው ሞንታና ውስጥ በተከለለ መሬት ሊኖሩ ተስማምተው ነበር። እነዚህኞቹ ግን ከወንዛችን አንነሣም ብለው ቀሩ። እኔ ብሆን ፊታቸውን የማነበው ከዚህ እምቢታ ተነሥቼ ነው።

የወንዝ ሰዎች ናቸው። ታንኳቸው ከዛፍ ልጣጭ የሚሠራ ሲሆን ሁለቱ ጫፎቹ ሾለው ወደ ውሃው ያዘነብላሉ። ሌላ ቦታ የምታዩት ዓይነት ታንኳ ጀርባው ላይ ከሣላችሁ አንድ የካሊስፔል አዛውንት ከሩቅ ያውቅባችኋል። ካማስም አለ። በጸደይ ሜዳውን ሰማያዊ የሚያደርግ አበባ ነው። ሥሩን ሴቶቹ በመቆፈሪያ እንጨት እያወጡ፣ ጉድጓድ ውስጥ በጋለ ድንጋይ ቀብረው ለቀናት ያበስሉታል። ሲወጣ ጠቁሮና ጣፍጦ ነው። የጉራጌ ልጆች ቆጮን አስቡና ድካሙ ይገባችኋል። ሰማያዊውን ቀለም ከማፍሰሳችሁ በፊት ግን አበባውን በወቅቱ ሄዳችሁ እዩት። ከስልክ ላይ የተቀዳ ሰማያዊ ያስታውቃል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ይህን ሕዝብ ጎግል ስታደርጉ ከሚመጡላችሁ መካከል አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ኤድዋርድ ከርቲስ በ1910 አካባቢ ያነሣቸው ፎቶዎች አሉ። ያምራሉ፣ ምንም አይወጣላቸውም። ግን ሰውየው አላፊ ነው ያለውን ሕዝብ አላፊ አስመስሎ ነበር የሚያነሣው። ፒጋን የሚባል የሌላ ነባር ሕዝብ ድንኳን ሲያነሣ በሁለት ሰዎች መካከል አንድ ሰዓት ተቀምጦ ነበር። መጽሐፉ ሲታተም ሰዓቱ የለም። አጠፋው! ሰዎቹ በዘመኑ የሚኖሩ መሆናቸው ሥዕሉን ያበላሸበት መሰለው። የብዙዎቹ ፎቶዎቹ ርዕስ ደግሞ የጎሳው ስም ብቻ ነው። የሰውየው፣ የሴትዮዋ ስም የለም።

ከእሱ ግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ጉስታቭ ሶሆን የሚባል ጀርመን ተወላጅ ተራ ወታደር ነበር። በ1854 እና 55 የእነዚሁ ዘመዶች የሆኑትን የፍላትሄድና የፖንዶሬይ አለቆች በእርሳስ ሣለ። ቋንቋቸውን ተምሯል። ከሥዕሎቹ ጋር የእያንዳንዱን ሰው ስም መዝግቧል። እጁ እንደ ከርቲስ ካሜራ አያስደምምም። እኔ ግን የትኛው አክባሪ ነው ብትሉኝ ወታደሩን እመርጣለሁ።

ይህ የፈረንጅ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ ጋለሪ ግቡ። «የሐመር ሴት»፣ «የሙርሲ ሴት» የሚል ስንት ሸራ ተሰቅሏል! ስሟ ማን ነው? ሠዓሊው አያውቅም፤ ገዢውም አይጠይቅም። ሞያችን ይህን ሲለምድ ዝም ብለናል።

ስለዚህ ልጄ፣ ከድሮ ፎቶ አትቅጂ። ዛሬ የምትኖር፣ ለመሣል ፈቃደኛ የሆነች ሰው ፈልጊ። ጎሳው የራሱ አስተዳደር አለው፤ ቋንቋቸውንም ለልጆች ያስተምራሉ። መልእክት ልከሽ ጠይቂ። እምቢ ካሉሽ እምቢ ነው፤ አትለጠፊ። እሺ ካሉሽ የሚያጋጥምሽ ሕይወት ከገመትሽው ሰፊ ይሆናል። በ1960ዎቹ አጋማሽ ላይ ጎሳው በሙሉ የነበረው ስልክ አንድ ነው ይባላል። በ2000 ስፖኬን አጠገብ ካዚኖ ከፈቱ፤ በገቢውም ኑሯቸው ተለወጠ። የአሜሪካ ጎሽ ያረባሉ። በ1950ዎቹ የተሠራው የቦክስ ካንየን ግድብ መሬታቸውን በከፊል በውሃ ሲያስውጠው ፍርድ ቤት ሄደው ተሟግተዋል። እና ሴትዮዋ መነጽር አድርጋ፣ ሹራብ ለብሳ ብትመጣ ምን ይገርማል? መነጽሩን ሣዪው። የአያቷን የዶቃ ሥራ ልልበስ ካለች እሰየው፤ ምርጫው ግን የእሷ ይሁን። ዶቃውን ስትሥዪ ደግሞ አትገምቺ። ረድፉን ቁጠሪ፣ የሠራችውንም ሴት ስም ጠይቂ።

የገንዘቡን ነገር ቀድማችሁ ጨርሱ። ለተቀመጠችበት ሰዓት ትከፈላለች። ፕሪንት እያባዛሽ የምትሸጪ ከሆነ ድርሻዋ ስንት እንደሆነ ብሩሽ ከማንሣትሽ በፊት በወረቀት ይስፈር። እኛ አበሾች በዚህ እናፍራለን፤ በኋላ ግን ጸቡ የሚመጣው ከዚያው ነው። ርዕሱ ላይ፣ ከፈቀደች፣ ሙሉ ስሟን ጻፊ።

ሲያልቅ ኤግዚቢሽን ከመላክሽ በፊት ለእሷ አሳዪያት። ቤተሰቧም ይይ። «አገጬ እንዲህ ነው እንዴ?» ካለችሽ አትከራከሪ፤ ወንበሩን ሳቢና እንደገና ተመልከቻት።