ምግብ ቤት ልትከፍቱ ላሰባችሁ ልጆቼ

ብዙዎቻችሁ ትመጡና «ጋሼ፣ ምግብ ቤት ለመክፈት ስንት ብር ያስፈልጋል?» ትሉኛላችሁ። ስለ ብሩ እናወራለን። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቃችሁ ሌላ ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ማን ይነሳል?

ደሴ ላይ ሽሮና በያይነቱ ስሸጥ ከ30 ዓመት በላይ ሆነኝ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ናት። ብርዷን ታውቁታላችሁ። ዝቅ ብላ ባለችው ሞቃቷ ኮምቦልቻ ቶሎ የሚደርስ ሊጥ እዚህ ክረምት ላይ ቀን ይጨምራል፤ ስለዚህ የሐሙሱን እንጀራ ሰኞ ነው የምታስቡት። አብሲቱ በሰዓቱ ካልተጣለ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ከፍታው ላይ ስለሆንን ውሃም እዚህ 100 ሳይደርስ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ምስርና ባቄላ እሳት ላይ ይቆያሉ፣ ማገዶው ይበዛል። ዋጋ ስታወጡ ይህን አስቡበት።

«ሥጋ ለምን አትሸጥም?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ሥጋ ከሸጥኩ ወይ የእስላም ወይ የክርስቲያን ቤት መሆኔ ነው። እኔ ደግሞ ከአንድ መኪና የወረዱ ሾፌርና ረዳት፣ አንዱ ሙስሊም አንዱ ክርስቲያን ቢሆኑም፣ አንድ ትሪ ከበው እንዲበሉ ፈለግሁ። ትርፉ ያንሳል። ግን ረቡዕና ዓርብ ቤቴ ጢም ይላል።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ሌሊት የምትነሳው ባለቤቴ ናት። ሰዉ «የጋሼ ሽሮ» ይላል እንጂ በርበሬውን የምትቀምመው፣ ልጅ አዝላ ምጣድ ፊት ስትቆም የኖረችው እሷ ናት። ስንት ዓመት ምስጋናውን ብቻዬን ተቀበልኩ። ይቆጨኛል።

ታላቋ ልጄ አራተኛ ክፍል እያለች አንድ ቀን ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ምሳ ሰዓት ላይ መጣችና ጥግ ያለችው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። እኔ ሰሃን እያነሳሁ ቀና ብዬ እንኳ ሳላይ «ምን ልታዘዝ?» አልኩ። «አባዬ፣ እኔ ነኝ» አለችኝ። ደብተሯን ዘረጋች። ወላጅ ይፈርም ተብሎ ሦስት ቀን ይዛው ዞራለች፤ ጠዋት ስወጣ ተኝታ፣ ማታ ስገባም ተኝታ፣ የት ታግኘኝ? ቆሜ ፈረምኩላት። የጣቴ ዘይት ወረቀቱ ላይ ቀረ። እሷም ደብተሩን ዘግታ ለሌላ ደንበኛ ቦታ ለቀቀች። ያቺ ወንበር ዛሬም ዓይኔ ላይ አለች።

ከዚያ ወዲህ እሑድ ከሰዓት እዘጋለሁ። ገቢ ይቀራል፣ አውቃለሁ።

ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ቆልፈን ወጣን። ስንመለስ ምጣድ የለም፣ ፍሪጅ የለም፣ ወንበር የለም። እኔ ባዶው ቤት መሐል ቆሜ ቀረሁ። ባለቤቴ ምንም ሳትለኝ ጎረቤት ሄዳ በጣሳ እርሾ ይዛ መጣች። ሊጡ እስኪቦካ ጠብቀን፣ በውሰት ምጣድ፣ በእንጨት ጋገርን። ልጆቹ ሰሃን አጠቡ። ለማንኛቸውም አልከፈልኩም፤ የከፈሉት እነሱ ናቸው።

ስለዚህ መዝገብ ስትይዙ፣ ሚስትም ትሁን ባል ወይም እናት፣ አብሯችሁ ለሚሠራ የቤት ሰው ደመወዝ መድቡና ጻፉት። እንደ ጤፉ፣ እንደ ኪራዩ ከገቢው ላይ ቀንሱት። ካልቀነሳችሁ ግን ትርፍ የምትሉት ብር የዚያ ሰው ያልተከፈለ ጉልበት ነው። እኔ ይህን የጀመርኩት በጣም ዘግይቼ ነው፤ ስጀምር ቤቱ እንዳሰብኩት አትራፊ እንዳልነበረ ገባኝ፣ የአንዳንዱን ምግብ ዋጋም ያስተካከልኩት ያኔ ነው።

የብሩን ነገር ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ፣ ቤቱ ጋብ ሲል ኑ። መዝገቡን ከፍቼ አሳያችኋለሁ። ሽሮው የማን እጅ እንደሆነ ከጠየቃችሁኝም ከጓዳ እጠራታለሁ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ትመጣለች። ከእሷም ጋር ተነጋገሩ። አብሽሩ።