4 ወር ቲንደር ላይ ነኝ፣ የሚያናግረኝ አጣሁ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እድሜዬ 31 ነው፣ ጎንደር፣ አዘዞ ነው የምኖረው፣ የሂሳብ አስተማሪ ነኝ። ቲንደር (የፍቅር ጓደኛ መፈለጊያ አፕ) ከከፈትኩ 4 ወር አለፈኝ፣ እስካሁን ያናገሩኝ 2 ሴቶች ብቻ ናቸው እነሱም ከሰላምታ አላለፉም። ያስቀመጥኩት 3 ፎቶ ነው፣ አንዱ ፋሲል ግንብ ጋ ቆሜ፣ አንዱ ጓደኛዬ ሰርግ ላይ 6 ሚዜዎች ሆነን፣ አንዱ ጥቁር መነፅር አድርጌ የሰው መኪና ተደግፌ። ስለራሴ የጻፍኩት "ፈጣሪን የምፈራ፣ ሰላም ወዳድ፣ ተጫዋች ነኝ፣ ቁም ነገረኛ ሴት እፈልጋለሁ፣ ለጊዜ ማሳለፊያ የመጣች ትለፈኝ" የሚል ነው። ጓደኛዬ ፊልተር ተጠቀም፣ ስራህንም ኢንጂነር በል ይለኛል። ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የጓደኛህን ምክር ተወው። ፊልተሩም ኢንጂነርነቱም የሚቆየው በአካል እስክትገናኙ ነው፣ ጎንደር ላይ ደግሞ እስከዛም አይቆይም፣ ልጅቷ አንድ አዘዞ ያለች ዘመዷን ብትጠይቅ አስተማሪ መሆንህን በግማሽ ቀን ትሰማለች።

ያንተ ችግር መልክህም ስራህም አይደለም፣ አለመታየትህ ነው። ፋሲል ግንብን እኮ ዓለም ያውቀዋል፣ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ዩኔስኮ መዝግቦታል፣ የማይታወቀው አንተ ነህ፣ እና ግንቡ በሙሉ እንዲገባ ተብሎ ወደ ኋላ ተሂዶ ሲነሳ ፊትህ ስልክ ላይ የሽንብራ ፍሬ አያክልም። ሰርጉ ላይ ከ6ቱ የትኛው እንደሆንክ በምን ትወቅ? መነፅሩ ደግሞ ዓይንህን ሸፈነው። ስለዚህ 3 ፎቶ አለኝ ትላለህ እንጂ ፊትህን ያየ ሰው የለም።

ይሄ ደግሞ ለሴት ልጅ ቀላል ነገር አይደለም። እሷ ቆንጆ ነው ወይ ከማለቷ በፊት ይሄ ሰው እውነተኛ ነው ወይ፣ ባገኘው ሰላም እገባለሁ ወይ ብላ ነው የምታየው፣ በሌላ ሰው ፎቶ አካውንት ከፍቶ ካርድ ላኪልኝ ብር ላኪልኝ የሚል ሞልቷል። ፊቱ በደንብ የሚታይ፣ ፈገግ ያለ ሰው ግማሹን ፍርሃቷን ያነሳላታል።

እንግዲህ አንድ ወዳጅህን ይዘህ ውጣና ከደረት በላይ ያንሳህ፣ ሰዓቱ ግን ወሳኝ ነው። ጎንደር ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የቀትር ፀሐይዋ ኃይለኛ ነው፣ ከአናት ሲመታህ ዓይንህ ስር ጥላ ይጥልና ያስረጅሃል ያኮሳትርሃል፣ ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ወይም ማታ ከ11 በኋላ ያለው ብርሃን ግን ለፊት ለስላሳ ነው። እሱን መጀመሪያ አድርገው። ቀጥሎ ሙሉ ቁመትህ የሚታይበት፣ ከዛ የምትወደውን ነገር ስታደርግ፣ ጠመኔ ይዘህ ሰሌዳ ፊት ብትሆን እንኳን እኔ በጣም ነው የምወደው (የተማሪዎችህ ፊት ግን አይግባ፣ የሰው ልጆች ናቸው)። ግንቡን ከፈለግክ መጨረሻ ላይ ይግባ። ቲንደር እስከ 9 ፎቶ ይቀበላል፣ 4 ወይ 5 ጥሩ ፎቶ ግን ይበቃሃል።

ወደ ጽሑፉ ስንመጣ፣ ሰላም ወዳድ ነኝ ያላለ ወንድ አይቼ አላውቅም፣ ለዚህ ልጅቷ ምን ብላ ትመልስ? "ትለፈኝ" የሚለው ደግሞ ገና ሳትተዋወቁ እንደተቆጣሃት ነው፣ ቁም ነገረኛዋ ናት ደንግጣ የምታልፈው። የሚያስጠይቅ ነገር ጻፍ። ለምሳሌ፣ "አዘዞ ሂሳብ አስተምራለሁ፣ ሂሳብ እጠላለሁ ያለኝን ተማሪ ሳላስወድደው አልለቅም። ፋሲል ከነማ በ2013 ሊጉን ሲወስድ ድምፄ ለ3 ቀን ጠፍቶ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ቡና አፈላለሁ፣ አቦሉ ላይ የሚያወራኝ እፈልጋለሁ። ሐሳቤ ትዳር ነው።" ይሄ ያንተ ካልሆነ የራስህን አድርገው፣ ብቻ እውነት ይሁን። እምነትህንም በዚሁ መልክ ንገራት፣ ፈጣሪን እፈራለሁ ከምትል ጥምቀትን ከማን ጋር እንደምታሳልፍ ጻፍላት፣ ይገባታል።

መልስ ስትሰጥህ ደግሞ "ሰላም፣ እንዴት ነሽ" ብለህ አታቁም፣ ከጻፈችው አንዱን አንስተህ ጠይቃት። ስልኳን ቶሎ አትጠይቅ። ለመገናኘት ከተስማማችሁ በቀን ይሁን፣ ሰው የሚበዛበት ፒያሳ ያለ ካፌ፣ ካፌውንም እሷ ትምረጥ፣ ጓደኛዬን ይዤ ልምጣ ካለችህም ደስ ብሎህ ተቀበላት።