በማዘጋጃ ተጋብተን ተክሊል ይደረስልናል?

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር በማዘጋጃ ተጋብተን ስድስት ዓመት ሆነን፤ ሁለት ልጆች አሉን። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ከድሮ አጥቢያችን ርቀናል። ሰሞኑን የውጭ አገር ታዋቂ ክርስቲያን ባልና ሚስት ስለ ትዳራቸው የጻፉትን አነበብን። በደላቸውን ሁሉ ለአንባቢ ዘርዝረው በመጨረሻ በቤተ ክርስቲያን ቃል ኪዳናቸውን ያድሳሉ። እኛስ አሁን ተክሊል ይደረስልናል?

መልስ፦ አይደረስላችሁም። ተክሊል፣ ማለትም አክሊል የሚደፋበት የጋብቻ ሥርዓት፣ በድንግልና ለቆዩ፣ ያውም በግብረ ሥጋ ከመገናኘታቸው በፊት የሚፈጸም ነው፤ እድሳት የለውም። የእናንተ መንገድ ንስሓ ገብቶ፣ የመዓስባን ጸሎት (በድንግልና ላልሆኑ ተጋቢዎች የሚደረሰው) ተደርሶ አብሮ መቁረብ ነው። ብዙዎች አክሊሉ ቀረብን ብለው እያፈሩ ዓመታት ሳይቆርቡ ይኖራሉ፤ የከፋው ጉዳት ይኼ ነው። በማዘጋጃ የተፈራረማችሁት በሕግ የጸና ስለሆነ አይፈርስም።

መጀመሪያ የቀድሞውን ንስሓ አባታችሁን አስፈቅዳችሁ በአቅራቢያችሁ ካለ ደብር አባት ያዙ። ለሁለታችሁ አንድ አባት ቢሆን ይሻላል፤ ኑዛዜው ግን ለየብቻ ነው። እንደ ጸሐፊዎቹ ገበናን አደባባይ ማውጣት የእኛ ሥርዓት አይደለም። ካህኑ የሰማውን እንዳያወጣ ታስሯል፣ አንባቢን ማን ያስረዋል?

ቀጥሎ ቀኖና ይሰጣችኋል፤ ጾምና ስግደት፣ እንደ በደሉም ሌላ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው፦ ሥራና ልጅ ሲያደክመው ግማሹን ትቶ ዝም ይላል። ከከበዳችሁ ተመልሳችሁ ንገሩ፤ አባት ያቀላል።

ቀኑ ሲቆረጥ የእናትየዋ የወር አበባ ጊዜ ይታሰብ። ከመቁረብ በፊት ሦስት ቀን፣ በኋላም ሁለት ቀን ከሩካቤ (ከግብረ ሥጋ ግንኙነት) መታቀብ አለ። ይህንም ቅዱስ ጳውሎስ «ተስማምታችሁ» ይላል (1ኛ ቆሮ. 7፥5)፤ አንዱ ብቻውን ወስኖ ሌላውን አያስጨንቅ። ከምግብና ከውኃ ደግሞ 18 ሰዓት ይጾማል። እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት የምትቆርቡ ከሆነ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ምንም አይቀመስም። የስኳር ሕመም ወይም በሰዓቱ የሚወሰድ መድኃኒት ያለበት ለአባቱ አስቀድሞ ይንገር እንጂ በራሱ አይወስን። ልጆቹም ተጠምቀው ከሆነ አብራችሁ አቅርቧቸው። ቅዳሴው ገና በሌሊት ይጀመራል፤ ታክሲ በዚያ ሰዓት ስለማይታመን ነው የቅርቡን ደብር ያልናችሁ።

ዘመድ ጠርታችሁ መደገስ ካሰባችሁ ለሌላ ቀን አድርጉት። በቆረባችሁበት ቀን መጠጥና ግርግር አይስማማም።