በጠገራ ብር ጭልፋና የአሳ ማንሻ ለማሠራት

እህቴ፣ ጥያቄሽ ከአያትሽ የቀሩት 8 ጠገራ ብሮች ለሠርግ ስጦታ የወጥ ጭልፋና የአሳ ማንሻ ይወጣቸዋል ወይ የሚል ነው። እዚያው ሐዋሳ ያነጋገርሽው አንጥረኛም «925 (ከ1000 እጁ 925ቱ ብር) እንዲሆን ንጹሕ ብር ካልገዛሽ አይሠራም» ብሎሻል።

ይሠራል። ጠገራ ብር 28 ግራም ይመዝናል፤ ከ1000 እጁ 833ቱ ብር ነው፣ የቀረው መዳብ። በስካንዲኔቪያ አገሮች ማንኪያና ሹካ በ830 ብር ሲሠራ ኖሯል። 8ቱን ወደ 925 ለማድረስ 275 ግራም ንጹሕ ብር ያስፈልጋል፤ ከራሳቸው ከጠገራዎቹ ይበልጣል። ገንዘብሽን ለእጅ ሥራው አቆዪው።

መጀመሪያ ግን ጠገራዎቹ እውነተኛ መሆናቸውን አረጋግጪ። የተጻፈባቸው 1780 ምንም አይነግርሽም፤ በኋላ የተመቱትም ያንኑ ዓመት ይዘው ነው የወጡት። ማግኔትም ብረትን እንጂ የመዳብና የኒኬል ቅይጥን አይለይም። 8ቱን በክር አስረሽ መዝኚ፤ 224 ግራም አካባቢ ይሆናሉ። ከዚያ ውሃ የያዘ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጪና ዜሮ አድርጊው፤ ሳንቲሞቹን ታችና ጎን ሳይነኩ ውሃው ውስጥ አንጠልጥያቸው። ሚዛኑ 22 ግራም አካባቢ ካሳየ ደህና ነው፤ ከ25 ካለፈ የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ነው። አንድ ብቻ አስመስሎ የተሠራ ከተቀላቀለ ግን በጅምላ አይታይም፤ የተጠራጠርሽውን ለየብቻው መዝኚ።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ ጭልፋ የሚሰበረው አንገቱ ላይ ነው። ሳህኑን ለብቻ፣ እጀታውን ለብቻ ሠርቶ መበየድ ለሠሪው ይቀላል፤ ነገር ግን ወፍራም ወጥ ሲቀዳ ጭነቱ በሙሉ የሚያርፈው ብየዳው ላይ ነው። ከአንድ ዘንግ በመዶሻ እንዲወጣ ጠይቂ፤ አንገቱ 4 ሚሊሜትር ይወፍር፣ ሳህኑ 1.2 ሚሊሜትር ይበቃዋል። በዚህ ልክ 24 ሴንቲሜትር ጭልፋ ወደ 100 ግራም፣ የአሳ ማንሻው ደግሞ 110 ግራም ገደማ ይወስዳል። ከ224ቱ የሚተርፈው ለሞረድና ለቁርጥራጭ ስለሚጠብ፣ የጭልፋውን እጀታ ከአንገቱ በላይ በቀንድ ማስደረግ ጥሩ መላ ነው። ብር ከብረታ ብረት ሁሉ ይልቅ ሙቀት ያስተላልፋል፤ ትኩስ ወጥ ውስጥ የቆየ ሙሉ የብር እጀታ ጣት ያቃጥላል።

833 ብር ከ925 ይልቅ ቶሎ ይጠጥራል። መዶሻው መንጠር ሲጀምር አቁሞ ማሞቅ ነው፤ ካልሆነ ጠርዙ ይሰነጠቃል። ሙቀቱ ከ600 እስከ 650 ዲግሪ ነው፣ ደብዘዝ ያለ ቅላት። ይህን ቅላት ፀሐይ በሚገባበት በር ላይ ማየት አይቻልም፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚያሳልፈው እዚያ ነው። ከሙቀቱ በኋላ የሚጠቁረው ቆዳ በአሲድ ይወጣል፤ አንድ እጅ የባትሪ አሲድ ወደ ሦስት እጅ ውሃ (አሲዱ ወደ ውሃው፣ በፍጹም ተገላቢጦሽ አይሁን)። ዕቃውን ከአሲዱ የሚያወጣው መቆንጠጫ የመዳብ ይሁን፤ የብረት ከገባ ብሩ ላይ ቀይ የመዳብ ሽፋን ይለጠፋል።

ብየዳውን በግልጽ ጠይቂ። ይህ ብር 780 ዲግሪ ላይ መቅለጥ ስለሚጀምር፣ ለ925 የሚመረጠው ከባዱ (በከፍተኛ ሙቀት የሚቀልጠው) የብር ብየዳ እዚህ አደገኛ ነው፤ ጌጡ ሳይያያዝ ጠርዙ ይፈሳል። መካከለኛው ይሻላል፣ ካድሚየም የተባለ መርዛማ ብረት የሌለበት። የሬዲዮ ጠጋኝ የሚጠቀምበት እርሳስ ያለበት ብየዳ ግን ምግብ በሚነካ ዕቃ ላይ መግባት የለበትም፤ በኋላ እሳት ቢነካውም ብሩን እየበላ ይበሳዋል።

ጌጡ እጀታው ጫፍ ላይ ይቆይ። የተጠማዘዘ ሽቦና የብር ፍሬ ሳህኑ ላይ ከተለጠፈ ቅባት ከሥሩ ገብቶ ይሸታል። የአሳ ማንሻው ብቻ ነው ጌጥና ሥራ የሚገናኙበት፤ ሐረጉ ወይም መስቀሉ ተበስቶ ሲወጣ ዘይቱ በዚያው ይንጠባጠባል። ከአሞራ ገደል የአሳ ገበያ የመጣ ቆሮሶ ሙሉውን ተጠብሶ እንዲነሣ ምላሱ 12 ሴንቲሜትር ይርዘም። ቀዳዳዎቹ የጥርስ ብሩሽ የሚገባባቸው፣ ከጠርዝ 3 ሚሊሜትር የራቁ፣ ውስጣቸውም በሞረድ የለሰለሰ ይሁን፤ ሸካራ ከሆነ የአሳውን ሥጋ ይይዛል።

ሲወለወል ግራጫ ወይም ሐምራዊ ጥላ ከታየ ዕቃው አልተበላሸም፤ ከቆዳው በታች ያለ መዳብ በእሳት ተቃጥሎ ነው። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይነሣል። ወይም ሦስት አራት ጊዜ ማሞቅና አሲድ ውስጥ መክተት ንጹሕ ብር ላዩ ላይ ይተዋል፤ እንዲህ ከሆነ ግን ውልወላው ቀላል ይሁን።

ዋጋ ስትስማሙ ብሩ በግራም፣ የእጅ ዋጋው ለብቻ ይጻፍ። ሲገባም ሲወጣም ፊትሽ ይመዘን፤ ቁርጥራጩና የሞረድ ብናኙ ያንቺ ነው።

ጭልፋው ዶሮ ወጥ ሲነካ ይጎዳል ወይ ስላልሽው፦ ሽንኩርቱም እንቁላሉም ሰልፈር ስላላቸው ያጠቁረዋል፣ ከሁሉ ወጥ እሱ ይብሳል። አይጎዳውም። የሚጎዳው ጨውና ሎሚ የነካውን ሳያጥቡ ማሳደር፣ በረኪናና የብረት ሽቦ ማጽጃ ነው። የጠቆረው አሉሚኒየም ፎይል በተነጠፈበት ሳህን፣ አንድ ሊትር ፍል ውሃና አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ተደርጎ ፎይሉን ሲነካ ይነጣል። የቀንድ እጀታው ውስጥ አይግባ፤ ቅርጹ እንዲታይ ሆን ተብሎ የጠቆረ ጌጥ ካለም አይነከር፣ ጥቁረቱ አብሮ ይሄዳል።