ዲዬጎ ጋርሲያ፦ ኗሪ የላትም የተባለች ደሴት (ጥያቄና መልስ)

በሕንድ ውቅያኖስ መካከል፣ በቻጎስ ደሴቶች ስለምትገኘውና የአሜሪካና የብሪታንያ ወታደራዊ ሰፈር ስላለባት ዲዬጎ ጋርሲያ ለቀረቡት ጥያቄዎች መልሴ የሚከተለው ነው። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ደሴቲቱ ከወታደራዊ ሰፈሩ በፊት ኗሪ ነበራት?

መልስ፦ ነበራት። ፈረንሳዮች ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ከማዳጋስካርና ከሞዛምቢክ በባርነት አምጥተው በኮኮናት እርሻ ያሠማሯቸው ሰዎች ልጆች፣ ባርነት ከቀረም በኋላ እዚያው ወልደው ከብደው፣ ሙታናቸውን ቀብረው፣ ክሪዮል የተባለውን ከፈረንሳይኛ የተወለደ የራሳቸውን ቋንቋ እየተናገሩ ኖረዋል። በ1960ዎቹ የቻጎስ ሕዝብ በጠቅላላ ከ1,500 እስከ 2,000 ይገመት ነበር።

ጥያቄ፦ ታዲያ ኗሪዎቹ በምን ሕግ ከደሴቲቱ እንዲወጡ ተደረጉ?

መልስ፦ ሕጉ የመጣው ከሥራው በኋላ ነው። ብሪታንያ በ1965 ቻጎስን ከሞሪሺየስ ቆርጣ አዲስ ግዛት አደረገች፤ በ1966 ደግሞ ደሴቶቹን ለ50 ዓመታት ለመከላከያ አገልግሎት ለማዋል ከአሜሪካ ጋር ተስማማች፤ ለዚህም ከባሕር ሰርጓጅ መርከብ በሚተኮሰው የአሜሪካ ፖላሪስ ሚሳይል ግዢ ላይ የ14 ሚሊዮን ዶላር ቅናሽ በምስጢር ተደረገላት። ይሁንና የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር 73ኛ አንቀጽ፣ ራሱን የማያስተዳድር ሕዝብ ያለበትን ግዛት የያዘ መንግሥት የሕዝቡን ጥቅም እንዲጠብቅና ሪፖርት እንዲያቀርብ ስለሚያስገድድ፣ ባለሥልጣናቱ ኗሪዎቹን «ጊዜያዊ የኮንትራት ሠራተኞች» ብለው መመዝገብን መረጡ። የደሴቲቱን ዕጣ የወሰነው፣ በእኔ ግምት፣ ይህ ስያሜ ነው፤ ሠራተኛ ውሉ ሲያልቅ ወደ አገሩ ይሄዳል እንጂ ተፈናቀለ አይባልምና።

አፈጻጸሙም ይህንኑ ተከተለ። መንግሥት በ1967 እርሻዎቹን በ660,000 ፓውንድ ገዛ፤ ለሕክምና ወይም ለዘመድ ጥየቃ ወደ ሞሪሺየስ የተሻገሩት መመለሻ መርከብ ተከለከሉ፤ በደሴቶቹ የቀሩትም ስንቅ እየሳሳባቸው ሄደ። ያለ ፈቃድ መኖርን የሚከለክለው ድንጋጌ የወጣው በ1971 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት የዲዬጎ ጋርሲያ ኗሪዎች ተነሡ፤ ውሾቻቸውም በኮኮናት ማድረቂያ ቤት ውስጥ በጭስ ታፍነው ተገደሉ። ከሌላው የቻጎስ ክፍል፣ ከፔሮስ ባንዮስ፣ የመጨረሻዎቹ ሰዎች የወጡት በ1973 ነው።

ጥያቄ፦ ካሳ አልተከፈላቸውም?

መልስ፦ ዘግይቶ፣ ያውም ለሁሉም ሳይሆን። ለሞሪሺየስ መንግሥት የተሰጠው 650,000 ፓውንድ ለተፈናቃዮቹ የደረሰው ከዓመታት በኋላ ነው። በ1982 ሌላ 4 ሚሊዮን ፓውንድ ተጨመረ፤ ወደ ሲሼልስ የተወሰዱት ግን ከሁለቱም አልደረሳቸውም።

ጥያቄ፦ ፍርድ ቤት ምን አለ? ዛሬስ መመለስ ይችላሉ?

መልስ፦ በ2000 የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት የተፈናቃዮቹ መሪ ኦሊቪዬ ባንኩል በመሩት ክስ ለተፈናቃዮቹ ፈረደ። መንግሥት በ2004 በፓርላማ ባልተመከረበት የንግሥቲቱ ትእዛዝ ያለ ፈቃድ መኖርን የሚከለክለውን እገዳ መልሶ አጸና፤ በወቅቱ የአገሪቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ የነበሩት የጌቶች ምክር ቤት ዳኞችም በ2008 ሦስት ለሁለት ትእዛዙን ደገፉ። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት፣ ሶማሊያዊው አብዱልቃዊ ዩሱፍ ፕሬዚዳንት በነበሩበት በ2019፣ ብሪታንያ ደሴቶቹን ማስተዳደሯን እንድታቆም 13 ለ1 በሆነ ድምፅ የምክር አስተያየት ሰጠ። ብሪታንያና ሞሪሺየስ በሜይ 2025 የፈረሙት ስምምነት የደሴቶቹ ሉዓላዊነት የሞሪሺየስ መሆኑን ቢቀበልም፣ ዲዬጎ ጋርሲያን ለ99 ዓመታት በብሪታንያ እጅ ያቆያል፤ ሞሪሺየስ ሰዎችን መልሳ እንድታሰፍር የሚፈቅደውም በሌሎቹ ደሴቶች ላይ ብቻ ነው።